አሠልጥኜ ማን ሊወስድብኝ? የእንግሊዞች የአፓረንት ገንዘብ ታሪክ

«አፓረንት» የሚለው ቃል ለከተማችን ወጣት እንግዳ አይደለም። ቴክኒክና ሙያ የገባ ሁሉ «አፓረንት ወጣሁ» ይላል። ኮሌጁ የጻፈለትን ደብዳቤ ይዞ ከጋራዥ ጋራዥ፣ ከሆቴል ሆቴል የዞረ ልጅ የቃሉን ትርጉም የሚያውቀው ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከጫማው ሶል ነው። እዚህ ገጽ ላይ የምንጽፈው ልጆችም ጋዜጠኝነት ስንማር ከዚህ አላመለጥንም። ከመካከላችን አንዷ ደብዳቤዋን ይዛ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቆየን) ስትሄድ ኃላፊው ፖስታውን እንኳ ሳይከፍቱ «የኔ ልጅ፣ ባለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ተቀብለን ሥራ አስለመድናቸው። ሥራውን ሲችሉት ሌላ ቤት ደሞዝ ጨምሮ ወሰዳቸው። እኛ ምን አተረፍን?» ብለው መለሷት።

ያኔ ተናደን ነበር። ቆይተን ስናስበው ግን ሰውየው የተናገሯት ነገር ቀላል አይደለችም። የሙያ ሥልጠና ሕግ የሚያወጣ መንግሥት ሁሉ የሚጋፈጣት ጥያቄ ናት፤ አሠልጥኜ ሌላው ከወሰደብኝ ወጪውን እኔ ለምን እችላለሁ? ይህችን ጥያቄ በገንዘብ ለመመለስ ደጋግመው ከሞከሩት (አንዴም በቅጡ ካልመለሱት) አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። ዛሬ እዚያ አንድ ትልቅ ኩባንያ ለሥልጠና ካዋጣው ገንዘብ ያልተጠቀመበትን ለሌላ ቀጣሪ ማስተላለፍ ይችላል። ተቀባዩ የሰፈር ዳቦ ቤት ሊሆን ይችላል፤ የአረጋውያን መንከባከቢያ ወይም በጎ አድራጎት ድርጅትም ሊሆን ይችላል።

ሲሰሙት ደግነት ይመስላል፤ ጋዜጦችም የሚጽፉት እንደዚያ ነው። እኛ ግን ክሩን ይዘን ወደ ኋላ ስንስበው ያገኘነው ሌላ ነው። መጋራት የመዋጮው የመጀመሪያ ዓላማ ነበር። መሃል ላይ ጠፋ። በኋላ በጓሮ በር ሲመለስ «ስጦታ» የሚል ስም ይዞ መጣ። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እንየው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥርስ ያለው ውል

በድሮው አሠራር ወጪውን የሚችለው ወላጅ ነበር። ልጁን ለጫማ ሰፊ ወይም ለአንጥረኛ ሲሰጥ ለባለሙያው ገንዘብ ይከፍላል። ባለሙያው ደግሞ ልጁን ያበላዋል፣ ያሳድረዋል፣ ያስተምረዋል፤ ልጁም ያገለግለዋል። ውሉ በአንድ ብራና ላይ ሁለት ጊዜ ይጻፍና መሃሉ እንደ መጋዝ ጥርስ እየተጠማዘዘ ይቆረጣል። አንዱን ክፍል አንደኛው ወገን፣ ሌላውን ሁለተኛው ወገን ይይዛል። ክርክር ሲነሳ ጥርሶቹን ማጋጠም ነው፤ አልገጥም ካሉ አንዱ አታሏል ማለት ነው። ለውሉ የተሰጠው «ኢንደንቸር» የሚለው ስምም የመጣው ከዚሁ ከጥርሱ ነው።

በ1563 በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን የወጣው ሕግ የልምምዱን ዘመን ቢያንስ ሰባት ዓመት አደረገው። ሰባት ዓመት ያልተለማመደ በሙያው እንዳይሠራ ተከለከለ። ለምን ሰባት? ጫማ ለመስፋት ሰባት ዓመት አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ነገር ግን ሒሳቡን ከባለሙያው ወገን ሆናችሁ ብታዩት ይገባችኋል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቆዳ ያበላሻል፣ ዳቦ ይበላል፤ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ እንደ ባለሙያ እየሠራ የባለሙያ ደሞዝ አይከፈለውም። ባለሙያው ወጪውን የሚመልሰው ያኔ ነው። ልጁ በውል ስለታሰረ ጎረቤት ጫማ ሰፊ ደሞዝ ጨምሮ አይወስደውም። «ማን ሊወስድብኝ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ነበረው ማለት ነው፤ መልሱም ልጁን ማሰር ነው።

በነገራችን ላይ የእንግሊዝ መንግሥት በአፓረንት ገንዘብ ላይ እጁን ያስገባው ዛሬ አይደለም። በ1710 በንግሥት አን ጊዜ ወላጅ ለባለሙያ በሚከፍለው ገንዘብ ላይ ቀረጥ ተጣለ። እስከ 50 ፓውንድ ለሚደርሰው በፓውንድ 6 ፔንስ፣ ከዚያ ለሚያልፈው በፓውንድ 12 ፔንስ። ከፋዩ ባለሙያው ነበር። ገንዘቡ ግን ለሥልጠና አልዋለም። አገሪቱ በጊዜው አውሮፓ ውስጥ ጦርነት ላይ ስለነበረች ለዚያ ወጪ ነው የተፈለገው። ቀረጡ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ቆየ። ከዚያ የተረፈው ትልቅ ነገር መዝገቡ ነው፤ ማን ማንን በስንት እንዳስተማረ የሚናገሩት ጥራዞች ዛሬም በብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው አሉ።

ወላጁ መክፈል የማይችል ልጅስ? ለእሱ የሚከፍለው የአጥቢያው አስተዳደር ነበር። ደብሩ ከድሆች መርጃ ገንዘብ ቆንጥሮ ልጁን ለአንድ ባለሙያ ይሰጣል። ሦስተኛ ወገን የማያውቀውን ልጅ ሥልጠና ሲከፍል የመጀመሪያው ነው ማለት ይቻላል፤ ግን ያማረ ታሪክ እንዳይመስላችሁ። የደብሩ ጭንቀት ብዙ ጊዜ ልጁ ሙያ እንዲይዝ አልነበረም፤ ከቀለብ መዝገቡ እንዲፋቅ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እነዚህ ልጆች ከለንደን እየተጫኑ በሰሜን ወደሚገኙት የጥጥ ፋብሪካዎች ይላኩ ነበር። በ1802 የወጣው ሕግ የሥራ ሰዓታቸውን በቀን ከ12 እንዳይበልጥ መወሰኑ ከዚያ በፊት ስንት ሰዓት ይሠሩ እንደነበር ይናገራል። «አፓረንት» የሚለው ስም ብቻውን ሥልጠና መኖሩን እንደማያረጋግጥ ያኔም ይታወቅ ነበር።

በ1814 የሰባት ዓመቱ ግዴታ ተሰረዘ። አፓረንት ቀጠለ፤ ግን ሕጉ ሳይሆን የየፋብሪካውና የየማኅበሩ ልማድ ነበር የሚመራው።

የ1964ቱ እድር

አሁን መቶ ሃምሳ ዓመት እንዝለል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ ፋብሪካዎች የሠለጠነ ሰው አጡ። የሠለጠነ ሰው ሲጠፋ ቀላሉ መንገድ ማሠልጠን አይደለም፤ ያሠለጠነውን ጎረቤት ደጅ ሄዶ ደሞዝ ጨምሮ መውሰድ ነው። አንዱ ለዓመታት ያሠለጥናል፣ ሌላው በአንድ ጋዜጣ ማስታወቂያ ይወስዳል። ሁሉም ወሳጅ መሆን ሲፈልግ የሚያሠለጥን ይጠፋል። የኛዋ ልጅ ደብዳቤ ይዛ የሄደችበት ኃላፊ እዚያ ቢኖሩ ሥራ አስኪያጆቹ ሁሉ ይስማሙባቸው ነበር።

በ1964 የወጣው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መፍትሔ ብሎ ያመጣው ነገር ለኛ ለሐበሾች አዲስ አይደለም፤ እድር ነው። በየኢንዱስትሪው ዘርፍ አንድ የሥልጠና ቦርድ ይቋቋማል። ቀጣሪዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የትምህርት ሰዎች ይቀመጡበታል። በዘርፉ ያለ ቀጣሪ ከሚከፍለው ጠቅላላ ደሞዝ እየተሰላ ያዋጣል። ለምሳሌ የኢንጂነሪንግ ቦርዱ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከደሞዙ 2.5 በመቶ ይወስድ ነበር። ከዚያ ቦርዱ ሰልጣኝ ለተቀበለው ድርጅት ከተዋጣው ገንዘብ ድጎማ ይሰጣል። የማያሠለጥን ያዋጣል፣ አያገኝም። በደንብ የሚያሠለጥን ካዋጣው በላይ ሊያገኝ ይችላል።

የእድርን ሕግ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወር በወር ትከፍላላችሁ፤ ቤታችሁ ለቅሶ ባይደርስ «ገንዘቤን መልሱልኝ» አትሉም። ድንኳኑ ለጎረቤት ሲተከል «የኔ ገንዘብ ነው የተከለው» ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምን እንደሚሉት መገመት አያዳግትም። የ1964ቱ መዋጮም እንዲሁ ነበር። አንዴ ከተከፈለ የማንም አይደለም፤ የዘርፉ ነው። «ያልተጠቀምኩበትን ለሌላ ላስተላልፍ» የሚባል ነገርም አልነበረም፤ ማስተላለፉ የመዋጮው ሥራ ራሱ ነበር። የወሰደ ይክፈል፣ ያሠለጠነ ይካስ። እኛ ስናየው ከሁሉም የተሻለች ሐሳብ ይህች ናት።

ሐሳቡ ያማረ ነው፤ አሠራሩ ግን ብዙ ጠላት አፈራ። ትንንሾቹ ድርጅቶች «እኛ እንከፍላለን፣ ድጎማውን ቅጽ የሚሞላ ጸሐፊ ያላቸው ትልልቆቹ ይወስዱታል» አሉ። ወረቀቱ በዛ፣ ቦርዶቹ ሠራተኛ አበዙ ተባለ። በ1973 ሕጉ ተለሰለሰና በራሱ በቂ ሥልጠና የሚሰጥ ድርጅት ከመዋጮው ነጻ እንዲሆን ተፈቀደ። ምክንያታዊ ይመስላል አይደል? ግን ከእድር የሚወጣው ደህና ከፋዩ ከሆነ ድንኳኑን ማን ይገዛል? በ1980ዎቹ መጀመሪያ የማርጋሬት ታቸር መንግሥት አብዛኞቹን ቦርዶች አፈረሳቸው። ከተረፉት አንዱ የኮንስትራክሽኑ ቦርድ ነው፤ ከሥራ ተቋራጮች መዋጮ እየሰበሰበ ድጎማ መስጠቱን ቀጥሏል። አንድ ግንበኛ በዓመት ስንት አሠሪ እንደሚቀያይር ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንለፈው። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአምራች ፋብሪካዎች ከ200 ሺህ በላይ የነበሩት አፓረንቶች በ1990 ወደ 50 ሺህ ገደማ ወረዱ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ስለተዘጉ ጥፋቱን ሁሉ በቦርዶቹ መፍረስ ማላከክ አይቻልም። በ1983 የወጣቶች ሥልጠና ፕሮግራም መጣ፤ በ1994 ደግሞ «ዘመናዊ አፓረንትሺፕ» የሚባለው ተጀመረ። ከፋዩ በዋናነት መንግሥት ሆነ፣ ቀጣሪውም የሚቀርብለትን ተቀባይ።

ከእድር ወደ ሙዳይ

በጁላይ 2015 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን መዋጮውን ከመቃብር አስነሱት። መንግሥታቸው በ2020 ሦስት ሚሊዮን አፓረንት አስጀምራለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ነበርና ገንዘብ ያስፈልገዋል። ሕጉ በ2016 ወጣ፤ መሰብሰቡ በኤፕሪል 2017 ተጀመረ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከዓመታዊ የደሞዝ ወጪ ላይ 0.5 በመቶ ይሰላል፣ ከእሱ ላይ 15 ሺህ ፓውንድ ይቀነሳል። ስለዚህ የደሞዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የማይበልጥ ድርጅት ምንም አይከፍልም። ከፋዮቹ ከመቶ ቀጣሪ ሁለት እንኳ አይሞሉም፤ ትልልቆቹ ብቻ ናቸው። ገንዘቡን ከደሞዝ ግብር ጋር አብሮ በየወሩ የሚሰበስበው የግብር መሥሪያ ቤቱ ነው።

እስከዚህ ድረስ 1964 ተመለሰ ልትሉ ትችላላችሁ። ልዩነቱ የገንዘቡ ማረፊያ ላይ ነው። የ1964ቱ ገንዘብ የጋራ ሣጥን ይገባ ነበር። የ2017ቱ ግን በእንግሊዝ ውስጥ ለሚደረግ ሥልጠና በከፋዩ በራሱ ስም በተከፈተ የኢንተርኔት ሒሳብ ላይ ይታያል። (ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው አሠራር አላቸው፤ ይህ የሒሳብ ነገር እነሱን አይመለከትም።) ኩባንያው ሒሳቡን ከፍቶ «ይሄ የኔ ነው» ይላል። እድሩ ቀርቶ እያንዳንዱ የራሱን ሙዳይ ያዘ።

ሙዳዩ ግን ጊዜ አለው። ሲጀመር በወጣው ደንብ መሠረት የገባው ገንዘብ በ24 ወር ውስጥ ለሥልጠና ካልዋለ ይቃጠላል። ይቺን ቃል ሆን ብለን ነው የተጠቀምናት። ሰኔ ሲደርስ «በጀት እንዳይቃጠል» ተብሎ ወንበር በወንበር ላይ የሚገዛበት መሥሪያ ቤት ያየ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ይገምታል። ኩባንያዎቹ ገንዘቡን ለማዋል ሲሉ ነባር ሠራተኞቻቸውንና ሥራ አስኪያጆቻቸውን በ«አፓረንትነት» ማስመዝገብ አበዙ። የማስተርስ ደረጃ ያለው ሥልጠና ሁሉ በዚህ ስም ይሰጥ ጀመር። የአርባ ዓመት ሥራ አስኪያጅ አፓረንት ሆነ! መንግሥት ለዚህ ደረጃ የሚሰጠውን ገንዘብ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ጀማሪዎች በአብዛኛው ከ16 እስከ 21 ዓመት ላሉት ብቻ እንዲሆን የወሰነው ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው።

የወጣቶቹስ ነገር? በ2016/17 የትምህርት ዘመን በእንግሊዝ 494,900 ሰዎች አፓረንትሺፕ ጀምረው ነበር። በ2017/18 ቁጥሩ ወደ 375,800 ወረደ። ትንንሾቹ ቀጣሪዎች መዋጮ ባይከፍሉም ለሚያሠለጥኑት ሰው ከሥልጠናው ዋጋ 10 በመቶ ከኪሳቸው እንዲያወጡ ተጠይቀው ነበር፤ ደንቡና ወረቀቱም አዲስ ነው። ብዙዎቹ «ይቅርብኝ» አሉ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚያናድደው። በአንድ በኩል ገንዘብ ሒሳቡ ላይ ተኝቶ ቀኑን የሚቆጥር ኩባንያ፣ በሌላ በኩል ጥቂት መቶ ፓውንድ አጥቶ ሰልጣኝ የሚመልስ ፀጉር ቤት።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር እንጨምር። ተቃጠለ የተባለው ገንዘብ ጭስ ሆኖ አይጠፋም። የአሠራሩ አንዱ ሐሳብ ትልልቆቹ ያልተጠቀሙበት ለትንንሾቹ የሥልጠና ድጎማ እንዲውል ነበር፤ የተረፈው ግምጃ ቤት ይቀራል። ከ2019 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከ3 ቢሊዮን ፓውንድ በላይ ሳይጠቀሙበት ተመለሰ መባሉ ብዙ ያነጋገረውም ለዚህ ነው። ከፋዮቹ «ሥልጠና ብላችሁ ግብር ጨመራችሁብን» አሉ።

ቆርሶ መስጠት

ማስተላለፍ የሚባለው ነገር የመጣው በዚህ ጭቅጭቅ መሃል ነው። በ2018 ከፋዮቹ የዓመት ገንዘባቸውን እስከ 10 በመቶ ለሌላ ቀጣሪ ማስተላለፍ ተፈቀደላቸው። በኤፕሪል 2019 ወደ 25 በመቶ ከፍ አለ። በኤፕሪል 2024 ደግሞ 50 በመቶ ደረሰ።

መቶኛዎቹ ምን እንደሚሉ በገንዘብ እንየው። የደሞዝ ወጪው 5 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ድርጅት በዓመት የሚያዋጣው 10 ሺህ ፓውንድ ነው (25 ሺህ ሲቀነስ 15 ሺህ)። የ2018ቱ 10 በመቶ ለዚህ ድርጅት 1,000 ፓውንድ ማለት ነው። በዚያ ዓመት መንግሥት ለአንድ አፓረንት ሥልጠና የመደበው ጣሪያ እንደ ሙያው ዓይነት ከ1,500 እስከ 27,000 ፓውንድ ስለነበር በአንድ ሺህ ፓውንድ ማንንም ከጫፍ ማድረስ አይቻልም። በ50 በመቶ ግን 5,000 ይሆናል፤ ቢያንስ አንድ ልጅ ታሠለጥናለች። የደሞዝ ወጪው 100 ሚሊዮን የሆነው ትልቅ ኩባንያ ደግሞ የሚያዋጣው 485 ሺህ ነው፤ ግማሹ 242,500 ፓውንድ። ይህ የአንድ ሰፈር ጋራዦችን ሁሉ ሰልጣኝ ሊያስይዝ የሚችል ገንዘብ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሰጪው ኩባንያ በመንግሥት የአፓረንትሺፕ ድረገጽ ሒሳቡ ላይ ገብቶ ምን ያህል እንደሚሰጥ ያስታውቃል። ከፈለገ የየትኛው አካባቢ፣ የየትኛው ሙያ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሆነ መስፈርት ያስቀምጣል። ይህ የማገናኛ ገጽ የተከፈተው በ2021 ነው፤ ከዚያ በፊት ሰጪና ተቀባይ በትውውቅ ነበር የሚገናኙት። ፈላጊው ድርጅት ያመለክታል፣ ሰጪው ያጸድቃል፣ ተቀባዩ ሰልጣኙንና አሠልጣኝ ተቋሙን ያስመዘግባል። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተቆጥሮ አይሰጥም። ሥልጠናው እየሄደ በየወሩ ከሰጪው ሒሳብ በቀጥታ ለአሠልጣኙ ይወጣል። አምስተኛው እጅ ተይዞ ሰልጣኙ ሲጨርስ ይለቀቃል። ሰልጣኙ መሃል ላይ ካቋረጠ ክፍያውም ይቆማል። ስለዚህ የሰጠ ሰው ሥልጠናው እስኪያልቅ፣ ምናልባት ለሁለትና ለሦስት ዓመት፣ ታስሮ ይቆያል። ሰጪውን ከተቀባዩ በማገናኘት ሥራ የገቡ የአካባቢ መንግሥታትም አሉ፤ በርሚንግሃምን የሚያጠቃልለው የዌስት ሚድላንድስ ጥምር አስተዳደር አንዱ ነው።

ለንደን ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት ያለው የአገራችን ሰው ይህ ምን ያደርግለታል? አንዲት የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ወጥ ቤት አስገብቶ ማሠልጠን ፈለገ እንበል፤ የሥልጠናው ዋጋም 9,000 ፓውንድ ነው እንበል። በ2018 ቢሆን ከኪሱ 900 ፓውንድ ያወጣ ነበር። ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ድርሻው ወደ 5 በመቶ ስለወረደ 450 ይሆናል። ከትልቅ ኩባንያ የተላለፈለት ገንዘብ ካገኘ ግን ዜሮ ነው፤ መቶ በመቶ ይሸፈንለታል። (ልጅቷ ከ22 ዓመት በታች ብትሆን ኖሮ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ለትንንሽ ቀጣሪዎች መንግሥት ራሱ ሙሉውን ስለሚችል ሰጪ ፍለጋ መዞር አያስፈልገውም። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ እዚያ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ከማመልከታችሁ በፊት የዘንድሮውን ማየት አትርሱ።)

እንግዲህ እኛን ሲያከራክረን የሰነበተው እዚህ ላይ ነው። ከመካከላችን ግማሾቹ «ከሚቃጠል ቢሰጥ ምን ክፋት አለው?» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። ፓኬጅህ ሊቃጠል ሲል ለጓደኛህ ብትሸልመው ማን ይጎዳል? ግን ልብ በሉ፤ 450 ፓውንዱ ነው በስጦታው የዳነው። ቀሪውን 8,550 ድሮም መንግሥት ይሸፍነው ነበር፤ የሚሸፍነውም ከዚያው ትልልቆቹ ካዋጡት ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማስተላለፍ ትልቁን ለውጥ ያመጣው በገንዘቡ መጠን ላይ አይመስለንም፤ በመራጩ ማንነት ላይ ነው። በ1964ቱ እድር ድጎማ ለማግኘት ማሠልጠን ብቻ ይበቃ ነበር። አሁን አንድ ኩባንያ መርጦ ይሰጣል። ዕቃ የሚያቀርብለትን ድርጅት ሊመርጥ ይችላል፣ በስሙ ዜና የሚሠራለትን በጎ አድራጎት ሊመርጥ ይችላል፣ የራሱ ሙያ የሚጠቅመውን ዘርፍ ሊመርጥ ይችላል። አንዳንዱ በእርግጥ አይቶ፣ ተጨንቆ ነው የሚሰጠው። ሆኖም ያ ምግብ ቤት አመልክቶ መመረጥ አለበት። ማመልከቻ የሚጽፍለት ሰው ያለው ድርጅት ይቀድመዋል፤ በ1960ዎቹ ትንንሾቹ ያማረሩባት ቅጽ በሌላ በር ተመልሳ መጣች።

በ2024 ሥልጣን የያዘው የሌበር መንግሥት መዋጮውን «የዕድገትና የክህሎት መዋጮ» የሚል አዲስ ስም ሰጥቶ አጫጭር ሥልጠናዎችንም ለማስገባት ተነስቷል። የጋራው ሣጥን ይመለስ የሚል ሐሳብ ግን አልሰማንም። ክርክሩ ስንት በመቶ ይተላለፍ፣ በስንት ወር ይቃጠል የሚለው ላይ ነው።

ደግሞ የሚተላለፈው ገንዘብ ለሥልጠናው ዋጋ ብቻ ነው። ደሞዝ አይከፈልበትም፣ ትራንስፖርት አይከፈልበትም፣ ልጅቷ ትምህርት ላይ በዋለችበት ቀን የሚተካትን ሰው አይቀጥርም። ያ ሁሉ የምግብ ቤቱ ባለቤት ዕዳ ነው። ልጅቷን የሚያስራት የሰባት ዓመት ውልም የለም፤ እሰየው። ሥልጠናዋን ጨርሳ ወረቀቷን በያዘች ማግስት ደሞዝ ጨምሮ የሚወስዳት ሌላ ወጥ ቤት ቢመጣ ከልካይ የለውም። ገንዘቡን ያስተላለፈው ኩባንያ የሠራተኞች ክበብ ካለው፣ ወሳጁ እሱ ራሱ ሊሆን ይችላል።